መልስ፦ ቤንዚን ተወድዶ መንገዱ ለምን አልቀለለም?

«ቤንዚን እንዲህ ተወድዶ የአዲስ አበባ መንገድ ለምን አልቀለለም?» ብለው ጠይቀዋል። የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47.83 ብር የገባው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር ቢያልፍም፣ ከአያት ወይም ከጀሞ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሠራተኛ መኖሪያውንም ሆነ መሥሪያ ቤቱን በአንድ ጀምበር መቀየር ስለማይችል፣ ጉዞውን ከማስቀረት ይልቅ ሌላ ወጪውን ይቀንሳል። ቶሎ የሚቀረው የእሑድ ሽርሽርና የዘመድ ጥየቃ ነው፤ እሱ ደግሞ የጠዋቱን መጨናነቅ አይነካም። መኪናውን አቁሞ በታክሲ ለመሄድ ያሰበም ቢሆን ሰልፉን ሲያይ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ስለዚህ በእኔ ግምት ልማዱን የሚያስቀይረው ከዋጋው ይበልጥ በሰዓቱ የሚደርስ አውቶቡስ ነው። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞንማ በማደያዎች ደጃፍ የሚሰለፉት መኪኖች ራሳቸው አንዱን የመንገድ ረድፍ ይዘጋሉ።