አፍጋኒስታን ለሥራ ልትሄዱ ለተዘጋጃችሁ ልጆች

ሰሞኑን ካቡል ሥራ አግኝተናል ምን እናድርግ እያላችሁ ምትጠይቁኝ ወጣቶች ስለበዛችሁ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፍ ብዬ ነው። እኔ የውሃ መሐንዲስ ነኝ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት እርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው፣ አፍጋኒስታንንም ታሊባን ኦገስት 15፣ 2021 ካቡልን ከመያዙ በፊትም ከዛ በኋላም ሠርቼባታለሁ።

ጥያቄያችሁን ሳነበው አብዛኛው ስለ ቦምብ ነው። ይገባኛል፣ እናቶቻችሁም ሚጨነቁት በሱ ነው። እኔ ግን ከሱ በፊት አንድ ነገር እንድታስቡ እፈልጋለሁ፣ እዛ አገር እናንተ ስታጠፉ ዕዳው ሚወድቀው ብዙ ጊዜ አብሯችሁ በሚሠራው አፍጋናዊ ላይ ነው። እናንተ የውጭ ፓስፖርት አላችሁ፣ ድርጅታችሁ ይጮህላችኋል፣ ሲብስም በሚቀጥለው በረራ ትወጣላችሁ። ሾፌሩ፣ አስተርጓሚው፣ የግቢው ዘበኛ ግን የት ይሄዳሉ? ቤታቸው ይታወቃል፣ የወንድማቸው ሱቅ ይታወቃል፣ ልጆቻቸው ሚማሩበት ይታወቃል። ዝግጅታችሁን ሁሉ ከዚህ ጀምሩት።

መጀመሪያ ስልካችሁን ክፈቱ። ፎቶውን፣ ቴሌግራም ግሩፑን፣ የፖለቲካ ቀልዱን፣ የመጠጥ ቤት ቪዲዮውን ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት አጽዱ፣ ባዶ ስልክም ያስጠረጥራል ስለዚህ የቤተሰብ ፎቶ ምናምን ይኑርበት። እዛ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ኬላ፣ ወታደር፣ የመንግሥት ሕንጻ፣ በተለይ ሴት ፎቶ አታንሱ። ኦገስት 2024 ላይ የወጣው የሥነ ምግባር ሕግ ሕይወት ያለው ነገር ምስልን ራሱ ይከለክላል፣ አፈጻጸሙ ግን እንደየክፍለ ሀገሩ ስለሆነ ካቡል ዝም የተባለው ካንዳሃር ላይ ሊያሳስር ይችላል። ሴት ሠራተኞችን በተመለከተማ ጉዳዩ በጣም ከባድ ነው። ዲሴምበር 2022 ላይ አፍጋናውያት ሴቶች መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች እንዳይሠሩ ተከለከሉ፣ ኤፕሪል 2023 ላይ ክልከላው ተመድንም ጨመረ፣ ዛሬ ብዙዎቹ ሚሠሩት ከቤታቸው ሆነው በዝምታ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፣ የስልጠና ማጠቃለያ ግሩፕ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፣ ሥራቸውን ሊያመሰግን ብሎ ነው ክፋት የለውም፣ ከኋላ በኩል ሁለት አፍጋናውያት ቆመዋል፣ አንዷ በዛ ምክንያት ሰፈሯን ለቃ ዘመድ ቤት ተጠግታ ከረመች፣ እሱ ኮንትራቱን ጨርሶ በሰላም አገሩ ገባ። እሷ አሁን የት እንዳለች ሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ኬላ ላይ ምን እንደሚደረግ በደንብ ልንገራችሁ ምክንያቱም በየቀኑ ሚያጋጥማችሁ ይሄ ነው። ሾፌሩ ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ማታ ከሆነ የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጎ የውስጡን ያበራል፣ መስኮት ይወርዳል፣ ሙዚቃ ካለ ቀድሞ ይጠፋል (ባይኖር ይሻላል)። እናንተ የፀሐይ መነጽራችሁን ታወልቃላችሁ፣ እጃችሁ ጭናችሁ ላይ በሚታይ ቦታ ይሆናል፣ ስልክ አትነኩም፣ ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሰላም ዓለይኩም ትላላችሁ፣ ከዛ በኋላ ሚናገረው ሾፌሩ ነው። እናንተን ካልጠየቁ አትመልሱ። ኬላው ላይ ያለው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ይችላል፣ ክላሽ ይዞ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ይሆናል፣ እናንተ ቆጣ ብትሉበት ለናንተ ላይመልስ ይችላል፣ ሾፌራችሁ ግን ነገም በዛው ኬላ ያልፋል።

ስለ ሃይማኖት። እኛ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ስላደግን እስልምናን ምናውቀው ይመስለናል፣ አንዳንዱን በርግጥ እናውቃለን፣ ግን እዛ ብዙው ነገር የሃይማኖቱ ብቻ ሳይሆን የፓሽቱንም (የአገሩ ትልቁ ብሔረሰብ ነው) የነገድም ባህል ነው፣ የሰው ሚስት ስሟን መጥራት ወይ ደህና ናት ወይ ብሎ መጠየቅ እንኳን ነውር ነው፣ "ቤተሰብ እንዴት ነው" በሉ ይበቃል። ከየት ነህ ሲሏችሁ ሐበሻ ስትሉ ስለ ነጃሺና ስለ ቢላል ሚያነሱላችሁ ሰዎች አሉ፣ በጣም ደስ ሚል ጨዋታ ነው፣ ሻይ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሙስሊም ነህ ወይ ይመጣል። አትዋሹ፣ ክርስቲያን ከሆናችሁ ክርስቲያን ነኝ በሉና እዛው ላይ አቁሙ። ክርክር ውስጥ አትግቡ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ ለማንም አትስጡ። ሴፕቴምበር 2023 ላይ ጎር ክፍለ ሀገር ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ክርስትና ሰብካችኋል ተብለው ታስረዋል፣ አብዛኞቹም የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ማተብ ምታደርጉ ልጆች፣ ከሸሚዝ ውስጥ ልታደርጉት ወይ ትታችሁት ልትሄዱ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ እዚሁ ወስኑ፣ አውሮፕላን ውስጥ ሚወሰን ነገር አይደለም።

እናንተ ሴት ልጆች፣ የውጭ ሴት መሆናችሁ የተወሰነ በር ይከፍትላችኋል፣ ሰፊና ረጅም ልብስና ፀጉር ሚሸፍን ሻርፕ ግን ከአውሮፕላን ከመውረዳችሁ በፊት በእጅ ሻንጣችሁ ይሁን። እጅ ለመጨበጥ ወንድ አትቅደሙ። አንዳንድ ባለሥልጣን ፊት ለፊት አላያትም ሊል ይችላል፣ ያናድዳል፣ ንዴቱን ለቢሮ አድርጉትና በዛ ሰዓት ወንድ ባልደረባ ይጨርሰው። ወንዶችም ቁምጣ ምናምን ተዉት።

ገንዘብና ወረቀት ላይ ፈጠን ልበል። ቪዛና ማስተር ካርድ እዛ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ፣ አዲስ ያልታጠፈ ያልተጻፈበት ዶላር ያዙ፣ ሳራይ ሻህዛዳ በሚባለው የካቡል ገበያ በአገሩ ገንዘብ በአፍጋኒ ይመነዘራል፣ የሚመነዝርላችሁ ግን ምታውቁት ሰው ይሁን። ጁላይ 2024 ላይ ታሊባን በምዕራብ አገራት ያሉ የቀድሞው መንግሥት ኤምባሲዎች ሚሰጡትን ሰነድ አልቀበልም ብሏል፣ ስለዚህ ቪዛችሁን ማን እንደሚመታው ከቲኬቱ በፊት አጣሩ። ኢንሹራንሳችሁ ጦርነትና ሽብር ይሸፍን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፣ አብዛኛው አይሸፍንም። ጥርሳችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ታከሙ። ከአራት ሳምንት በላይ ከቆያችሁ ስትወጡ የፖሊዮ ክትባት ወረቀት ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ኢንተርኔት ሌላ ጣጣ ነው። ሴፕቴምበር 29፣ 2025 ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔትም ስልክም ለሁለት ቀን ያህል ተቋርጦ ነበር፣ በረራም ባንክም ተስተጓጉሏል፣ ውጭ ያለ ቤተሰብ ልጁ ይኑር ይሙት አያውቅም። ስለዚህ ካርታ አውርዱ፣ አስፈላጊ ስልክ ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ለእናታችሁ ድምፄ ሁለት ሦስት ቀን ቢጠፋ ይሄ ይሄ ሊሆን ስለሚችል ለእገሌ ደውይ ብላችሁ ንገሯት። ውክልና ስጡ፣ ኑዛዜም ጻፉ፣ ሟርት አይደለም። ብትታገቱ በሕይወት መኖራችሁ ሚረጋገጥበት፣ እናንተ ብቻ ምትመልሱት ጥያቄ ደግሞ ለድርጅታችሁ አስመዝግቡ፣ መልሱ ፌስቡካችሁ ላይ ማይገኝ ይሁን።

መስክ ሚባል ነገር አጓጊ ነው፣ ባሚያን ሄዶ ተራራውን ማየት ማን ይጠላል። ሜይ 2024 ላይ እዛው ባሚያን ገበያ ውስጥ 3 የስፔን ቱሪስቶች ተገድለዋል፣ አብረዋቸው የነበሩ አፍጋኖችም ሞተዋል፣ የነሱን ስም ግን ብዙ ዜና አላነሳውም። ሾፌራችሁ ዛሬ ይህ መንገድ ይቅርብን ካለ ይቅር፣ ምክንያት አትጠይቁት፣ ሁሉንም ምክንያት ሊነግራችሁ አይችልም። ቸኩላችሁ ወይ አለቃ ፈርታችሁ ካስገደዳችሁት እሺ ይላል፣ ደሞዙ ነዋ። እሺታው እናንተን ነፃ አያወጣም።

ስትወጡም ለአፍጋናውያን ባልደረቦቻችሁ ስለ ሥራቸው ምስክር ሚሆን ደብዳቤ ጻፉላቸው፣ ፈርማችሁ ማህተም አስመትታችሁ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን በእጁ ቢገኝ ችግር ያመጣበት እንደሆነ ራሱን ጠይቁት፣ ያመጣል ካለ ኮፒው እናንተ ጋ ይቀመጥና በፈለገው ቀን ይጠይቃችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁንም አትቀይሩበት።