መጀመሪያ ካዝናህን ቁጠር

ዳላስ፣ ቴክሳስ የሚኖር የአራዳ ልጅ ጽፎልኛል። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የኢላማ ተኩስ እወዳደራለሁ። ኤአር-15 ጠመንጃ አለኝ። የላይኛውን ክፍል (አፈሙዙና ቦልቱ ያሉበትን) ለ9 ሚሊ ጥይት በተሠራ ቀይሬ፣ ምላጩና የካዝናው ቀዳዳ ባሉበት በታችኛው ክፍል ላይ የግሎክ ሽጉጥ ካዝና (ጥይት የሚሞላበት) የሚቀበል አዳፕተር ከተትኩበት። አምስት ስድስት ጥይት በደንብ ይሄድና ቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ቀፎ) ይነክሳል፤ ሳይወጣ ይቀረቀራል። ጥይት ሲያልቅም ቦልቱ (ጥይቱን ወደ ቤቱ የሚገፋው ብረት) ክፍት ሆኖ አይቆምም። ሽጉጤ ግሎክ 17 ስለሆነ ስድስት ካዝና አለኝ። ለ9 ሚሊ ብቻ የተሠራ የታች ክፍል ልግዛ ወይስ የተሻለ አዳፕተር ልፈልግ? ለገና ስመጣስ አዳፕተሩን ባመጣው በቶርኖ ያስተካክሉልኛል?»

እኔ ዛሬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ላይ ነው የምውለው። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ዓመት በሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። ስለዚህ ጥያቄህን በደስታ ነው ያነበብኩት።

ከቀዳዳው ስፋት እንጀምር። ኤአር-15 የተሠራው ለ5.56 ጥይት ነው። የዚያ ጥይት ርዝመት 57 ሚሊ ገደማ ነው። የ9 ሚሊው ደግሞ 30 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ካዝናው የሚገባበት ቀዳዳ ለረጅሙ ጥይት ስለተበጀ፣ የሽጉጥ ካዝና ስትከትበት ግማሹ ያህል ባዶ ይቀራል። አዳፕተር ማለት ያን ባዶ ቦታ የሚሞላ ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው። ለ9 ሚሊ ብቻ የተሠራው የታች ክፍል ግን ቀዳዳው ገና ከፋብሪካ በካዝናው ልክ ነው የሚወጣው።

ብዙ ሰው አዳፕተር ሲባል የማይረባ ነገር ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የአሜሪካው መሣሪያ አምራች ኮልት ራሱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የ9 ሚሊ መሣሪያውን ሲያወጣ፣ የተለመደውን የታች ክፍል ወስዶ ቀዳዳውን በብረት ሞልቶ በፒን ነው ያሰረው። ካዝናውንም ከኡዚ፣ ከእስራኤሉ አጭር አውቶማቲክ መሣሪያ ነው የቀዳው። እሱም አዳፕተር ነው። ልዩነቱ መታሰሩ ነው። የኮልት ብረት አይንቀሳቀስም። ያንተ ግን ይንቀሳቀሳል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። ጀማሪ ሳለሁ በየሦስተኛው ጥይት የሚነክስ ኡዚ ሰጡኝ። ሞላውን ቀየርኩ፣ ቦልቱን አጠብኩ፣ ካዝና ለዋወጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ደከምኩ። ለካ የካዝናው መያዣ ተበልቶ ኖሮ ካዝናውን በጣም ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። በዓይን አይታይም፤ ካሊብሮ (መለኪያ) ሳስገባ ነው የወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነክስ መሣሪያ ሲመጣልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ትቼ መጀመሪያ የካዝናውን አቋም ነው የማየው።

ያንተ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ5.56ቱ ቀለሁን ገፍቶ የሚያስወጣው አስፈንጣሪ ቦልቱ ውስጥ ነው ያለው። ካዝናው ቢነቃነቅም እሱን አይነካውም። በ9 ሚሊው ግን አስፈንጣሪው ከቦልቱ ወጥቶ የታችኛው ክፍል ላይ፣ ወይም አዳፕተሩ ላይ ይተከላል። ቦልቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ቀለሁን እዚያ ቋሚ ብረት ላይ አጋጭቶ ነው የሚጥለው። አዳፕተሩ በትንሹ ከተንቀሳቀሰ ታዲያ ካዝናውም አስፈንጣሪውም አብረው ይሄዳሉ። ጥይቱ የሚነሣበት ከፍታ ይዛባል፣ ቀለሁም የሚመታበት ቦታ ይዛባል። ስድስት ጥይት ሄዶ መንከሱ ለዚህ ነው የሚመስለኝ። በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ ይላቀቃል።

ይህን ራስህ አረጋግጥ። መሣሪያውን ባዶ አድርግ። ካዝና አውጣ፣ የጥይት ቤቱን በዓይንህም በጣትህም እይ። ከዚያ ባዶ ካዝና ክተትና ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቀው። የካዝናውን ሳይሆን የአዳፕተሩን ጠርዝ ተመልከት። አዳፕተሩ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ ተገኘ። ተኩስ ቦታ ደግሞ የቀለሆቹን አወዳደቅ ተከታተል። አንዱ ሩቅ ሄዶ ሌላው እግርህ ሥር ከወደቀ አስፈንጣሪው አንድ ቦታ አልረጋም ማለት ነው።

ጥይት ሲያልቅ ክፍት ሆኖ አለመቆሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ለግሎክ የተሠራ ጥሩ የታች ክፍል ከካዝናው ገፊ (ጥይቱን ከሥር ወደ ላይ ከሚገፋው) እስከ ቦልት መያዣው የሚደርስ ማገናኛ አለው። ብዙ አዳፕተሮች ይህ የላቸውም፤ ያላቸውም በቀጭን ቆርቆሮ ነው የሚሠሩት። ጥይት ማለቁን ሳያውቅ ባዶ ምላጭ ለሚስብ ተወዳዳሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የትኛውንም ብትገዛ ይመለከትሃል። የ9 ሚሊው ቦልት በአብዛኛው እንደ 5.56ቱ አይቆለፍም። ፍንዳታውን የሚይዙት የራሱ ክብደት፣ ከኋላው ያለው በፈር (ግፊቱን የሚቀበል ክብደት) እና ሞላው ብቻ ናቸው። ለ5.56 የተሠራውን ቀላል በፈር እንዳለ ከተውከው ቦልቱ ቶሎ ይከፈታል፣ በኃይልም ወደ ኋላ ይሄዳል። ቦልቱ አጭር ስለሆነ ከሚገባው በላይ ያልፍና ሲመለስ የቦልት መያዣውን ይመታዋል። መያዣው የሚሰበረው እንዲህ ነው። ለ9 ሚሊ የተሠራ ከባድ በፈር ከሌለህ፣ እስክትገዛ ድረስ እባክህ አትተኩስበት።

እንግዲህ ምርጫው። ሰው ሁሉ ከታች ክፍሉ ይጀምራል። እኔ ከካዝናው ጀምር እላለሁ። ካዝና ይበላል፣ ይወድቃል፣ ይረገጣል፤ ዞሮ ዞሮ ገንዘብህ የሚያልቀው እሱ ላይ ነው። አንተ ስድስት የግሎክ አለህ። ሽጉጥህም መሣሪያህም ከአንድ ካዝና ይበላሉ። በየሳምንቱም ትወዳደራለህ። ስለዚህ ለግሎክ ካዝና የተሠራ የታች ክፍል ግዛ። ከመክፈልህ በፊት ግን ቦልትህን ገልብጠህ እይ። የቦልት ሆድ ለኮልት ካዝና የሚቆረጥበትና ለግሎክ የሚቆረጥበት ቅርጽ አይመሳሰልም። ለሁለቱም የሚሆን አለ፤ ያንተ የትኛው እንደሆነ ሻጩን ጠይቀው አረጋግጥ።

ምንም ካዝና ባይኖርህ ኖሮ የኮልቱን ዓይነት እንድታየው እነግርህ ነበር። ጥይቱን ከግራና ከቀኝ እያፈራረቀ ስለሚሰጥ በእጅ መሙላቱ ጣት አያደክምም። የግሎኩ መጨረሻ ላይ ወደ አንድ መስመር ይጠባል፤ የመጨረሻዎቹን ጥይቶች ለማስገባት አውራ ጣትህ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ።

አዳፕተር የሚበቃው በዓመት ሁለት ሦስቴ ለሚተኩስ፣ ወይም ያንኑ የታች ክፍል ወደ 5.56 መመለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ያም ሰው ቢሆን ከላይ የሚገባውንና በቪቴ የሚጠብቀውን ይምረጥ። ከታች ገብቶ የካዝና መያዣው ብቻ የሚይዘውን ግን አልመክርም። የኡዚዬን ታሪክ ነው የሚደግመው።

ስለ ሕጉ አንተ እዚያ ስላለህ አሳጥራለሁ። አሜሪካ ውስጥ በሕግ «መሣሪያ» የሚባለው ቁጥር ያለበት የታች ክፍል ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ ማንነትህ ተጣርቶ ነው የምትገዛው። አዳፕተር መለዋወጫ ነው። ሰደፍ ያለው ከሆነ አፈሙዙ ከ16 ኢንች እንዳያጥር ተጠንቀቅ። ሌላ ግዛት ሄደህ ስትወዳደርም ካዝና የሚይዘው የጥይት ብዛት ገደብ ይለያያል፤ ሳትጠይቅ አትሂድ።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ አዳፕተሩን ለገና ይዞ መምጣት። አይሆንም ልጄ። አገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት። የመሣሪያ ነገር በሻንጣ ይዘህ ቦሌ ላይ ቆመህ ልታስረዳ አይገባም። ከአሜሪካም ሲወጣ የራሱ የቁጥጥር ሕግ አለበት። እኔም ቶርኖዬ ላይ የመሣሪያ ክፍል አላስገባም፤ የሥራ ፈቃዴ ለመኪናና ለወፍጮ ዕቃ ነው። ይልቅ ከውስጥ አውጥተህ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ፎቶ አንሣው። አስፈንጣሪው የተተከለበትን ቦታ በደንብ አቅርብልኝ፣ ጎኑ ላይ ካሊብሮ ወይም ማስመሪያ አስቀምጥበት። የተበላው የት እንደሆነ ከዚያ ማየት እችላለሁ።