ለሐሙስ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ

እህቴ፣ «የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ሆዴ እየጠነከረ ይለቀኛል፣ ወገቤን ይከብደኛል፣ አማቴ ብርድ ነው ይላሉ፣ ሦስት ዓመት ልጄን የማስቀምጥበትም የለኝ፣ ቀጠሮዬን ሐሙስ ልጠብቅ ወይ?» ብለሻል። አትጠብቂ።

እኔም እዚሁ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ሁለተኛዋን ሳረግዝ በ32 ሳምንቴ ይኸው ደረሰብኝ። ልብስ ሳጥብ ስለዋልኩ ድካም ነው ብዬ ተኛሁ። ሕመም ይህን ያህል አልነበረውም። ሆዴ ድንጋይ ይሆንና ይለቃል፣ ወገቤ ላይ ደግሞ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ያለው ዓይነት ክብደት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሽንቴን ሸንቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ በግራ ጎኔ ጋደም አልኩና የሚጀምርበትን ሰዓት በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ 8፡10፣ 8፡18፣ 8፡27፣ 8፡34... በአንድ ሰዓት ሰባት ጊዜ። የውሸት ምጥ ሲያርፉለት ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ይሄ ተራውን ጠብቆ ይመጣ ነበር። አንቺም መኪና እስኪመጣ ሰዓቱን ጻፊ፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ደም ካየሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ግን መቁጠሩንም ትተሽ ወዲያው ሂጂ።

የማጣድፍሽ በምክንያት ነው። ከ34 ሳምንት በፊት ምጥ ሲመጣ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ አለ፣ ዴክሳሜታዞን ይባላል። እኔ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ተወጋሁ። መርፌው በደንብ እስኪሠራ ሁለት ቀን ያህል ይፈልጋል። ምጡን የሚያዘገየውን ኪኒን፣ ኒፌዲፒንን፣ የሰጡኝም (ራስ ምታቱ ከባድ ነበር) ያቺን ሁለት ቀን ለማግኘት ነው። የማህፀንሽ በር ከተከፈተ በኋላ ብትደርሺ ይሄ ሁሉ ሊያመልጥሽ ይችላል።

ሽንትሽን እንዲመረምሩልሽም ጠይቂ። እኔ ሲሸናኝ ምንም ሳያቃጥለኝ ኢንፌክሽን ተገኘብኝ። ከዚያ በፊት ሠፈር ያለ ክሊኒክ ሆዴን እንኳን ሳይነካ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኝቶኝ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ልጄ በስድስተኛው ቀን 1,800 ግራም ሆና ተወለደች፣ አለቀሰችም። ካንጋሮ የሚሉትን፣ ራቁቷን ደረት ላይ ለጥፎ መያዙን፣ ነርሶቹ አስተማሩን። እኔ ሲደክመኝ አባቷ ሸሚዙን አውልቆ ይይዛት ነበር። ትንሿ ጭንቅላቷ አንገቱ ሥር ገብታ፣ ትንፋሿን እየቆጠረ ያድራል።

የአማትሽን ዳማከሴ በአክብሮት አስቀምጪው። የክትትል ካርድሽን ያዢ። ጤና ጣቢያ ከሄድሽና ሪፈር ከጻፉልሽ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ሆስፒታል መሆኑን ጠይቂ። በባጃጅ አትንገላቺ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ልጅሽን እኔ እይዝልሻለሁ። ብሎክሽን በውስጥ ላኪልኝ፣ አሁኑኑ እመጣለሁ።