ተገጣጣሚው ቤት እሳት ይችላል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና የግንባታ ባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ ቤታችን በሰደድ እሳት ከነሙሉ ዕቃው ከነደደ ስምንተኛ ወሩን ያዘ። የቀረልን መሠረቱ ብቻ ነው። ባለቤቴ የኪራይ ኑሮው ሰልችቶት ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ በከባድ መኪና የሚመጣ ተገጣጣሚ ቤት እንዘዝ ይላል። ሻጩም «አጥንቱ ብረት ነው፣ እሳት አይነካውም፣ በአሮጌው መሠረታችሁ ላይም ይቀመጣል» ብሎናል። እኔ ግን እናቴን ይዤ የሸሸሁበት ሌሊት ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ውሉን ለመፈረም እጄ አልታዘዝ አለኝ። እውነት እሳት አይነካውም?
*እንቅልፍ ያጣሁ የሁለት ልጆች እናት*

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። እናትዎንና ልጆችዎን ይዘው መውጣትዎ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቤት ይሠራል።

«እሳት አይነካውም» በሚል ቃል ላይ ግን አይፈርሙ። እሳት የማይነካው ቤት የለም። በቀላሉ የማይያያዝ ቤት ግን አለ፤ ተገጣጣሚውም እንዲህ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ባለቤትዎን አልቃወምም። እናንተ ፍርስራሹን ስታነሱና መሠረቱን ስታዘጋጁ ፋብሪካው ግድግዳውን ይሠራል፤ ዕቃውም ዝናብ አይመታውም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ግንበኛ በሚፈልግበት ወቅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብረቱን በተመለከተ፣ ብረት አይነድም፤ ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ግን የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል። ደግሞም እሳቱ አጥንቱ ጋ የሚደርሰው ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ነው። እኛ የሚያስጨንቀን በምን ይያያዛል የሚለው ነው።

ብዙ ሰው ቤቱን የሚበላው እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚመጣው ነበልባል ይመስለዋል። ጃክ ኮኸን የተባሉ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ሙሉ ጫካ እየተቃጠለ የእንጨት ግድግዳዎችን በተለያየ ርቀት አቁመው ፈትነዋል። በ10 ሜትር ላይ ከቆሙት አንዳንዶቹ ተቀጣጠሉ፤ በ20 እና በ30 ሜትር ላይ ያሉት ግን አልተያያዙም። ታዲያ ከጫካው ርቆ ያለው ቤት በምን ይያያዛል? ነፋስ በሚነዳው ፍም ነው። ፍሙ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አሸንዳ ውስጥ በተከማቸ ደረቅ ቅጠል፣ በረንዳ ላይ በተረሳ ትራስ፣ ጣሪያው ሥር ባለች የአየር ቀዳዳ ውስጥ ያርፋል። ከዚያ አንዱ ቤት ሌላውን ያቀጣጥላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ በተባለችው ከተማና በአካባቢዋ ከ18 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ወድመው 85 ሰዎች ሲሞቱ፣ አመድ በሆኑ ቤቶች መካከል ዛፎች አረንጓዴ እንደሆኑ ቆመው ታይተዋል።

እንግዲህ ወደ ተገጣጣሚው ልመለስ። ልብስ የሚተረተረው ከስፌቱ ነው፤ ይህም ቤት የሚፈተነው በመጋጠሚያው ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በምመራው አንድ ሥራ ሁለቱን የቤቱን ክፍሎች በክሬን አስቀምጠን ስናበቃ፣ በመሃላቸው ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ሠራተኞቹ የጠርዙን አፍ በሚነፋ ፎም ሞሉት፤ እኔም አይቼ አለፍኩ። በማግስቱ የመጡት አረጋዊ ተቆጣጣሪ ኮርኒሱን አስከፈቱና በእጅ ባትሪያቸው ወደ ውስጥ አበሩ። ክፍተቱ ከወለሉ ሥር ተነሥቶ ያለ አንዳች ማቋረጫ እስከ ጣሪያው ይሄዳል። «ልጄ፣ ቤቱ መሃል የጭስ ማውጫ ነው የሠራህላቸው» አሉኝ። ፎሙን ፍቀን አውጥተን ክፍተቱን በየወለሉና በየኮርኒሱ ደረጃ በድንጋይ ሱፍ ስንዘጋ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብን። የድንጋይ ሱፍ ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተል ስለሆነ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይችላል፤ ያ ፎም ግን ራሱ ይነዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ መጋጠሚያውን በገዛ ዓይኔ ሳላይ ኮርኒስ አስዘግቼ አላውቅም።

ስለዚህ ሻጩን የቤቱን ፎቶ ሳይሆን የመጋጠሚያውን የሥራ ሥዕል ይጠይቁት። ክፍተቱ በምን ይዘጋል? የሚዘጋውስ ማን ነው፣ ፋብሪካው ወይስ ቦታው ላይ የሚገጥመው ሠራተኛ? ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላው ሠርቶታል ብሎ ያልፈዋል። መልሱ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቀጥሎ የወለሉን ሥር ይመልከቱ። ተገጣጣሚ ቤት ብዙ ጊዜ በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ ይቀመጥና ሥሩ ባዶ ይሆናል። ነፋሱ ፍሙን ጠርጎ የሚያስገባው እዚያ ነው፤ ሰውም እዚያው ሳንቃና ካርቶን ያከማቻል። ዙሪያው በማይነድ ነገር፣ ለምሳሌ በብሎኬት ወይም በፋይበር ሲሚንቶ ሰሌዳ ይዘጋ። የአየር መተላለፊያው ቀዳዳ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የብረት ወንፊት ይኑረው፤ ፍም እንዳያሳልፍ ተፈትኖ የተሠራ መሸፈኛ ከተገኘ ደግሞ ይመረጣል። የፕላስቲክ ወንፊት ይቀልጣልና አይቀበሉ። የጣሪያው ክዳን በእሳት መቋቋም ፈተና ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘ ይሁን። የመስኮቱ መስታወት ድርብና በሙቀት የጠነከረ ይሁን፤ ተራው ሲሞቅ ይሰነጠቅና በሩን ለእሳቱ ይከፍትለታል። ይህን ሁሉ ከማዘዝዎ በፊት ይወስኑ። ፋብሪካው መቁረጥ ከጀመረ በኋላ ማስለወጥ ውድ ነው።

አሮጌውን መሠረት በተመለከተ ሻጩ ሳያይ ተናግሯል። ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ጊዜም ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ያወጣል፤ በመዶሻ ቢመቱት ድምፁ ጥርት አይልም። ቀለሙ ባይለወጥም ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። መሐንዲስ ናሙና አስወጥቶ ያስመርምረው። የቧንቧውንም ውሃ ሳያስመረምሩ ለልጆቹ አይስጡ፤ ፓራዳይዝ ውስጥ ከእሳቱ በኋላ በመስመሩ ውሃ ላይ ካንሰር አምጪው ቤንዚን (benzene) የተባለ ኬሚካል፣ መኪና የሚሞላው ነዳጅ ሳይሆን፣ ተገኝቶበታል።

በመጨረሻ፣ ከግድግዳው አንሥቶ እስከ 1 ሜትር ተኩል ድረስ ዙሪያውን ጠጠር ወይም ንጣፍ ያድርጉት። ቁጥቋጦ፣ የእንጨት ፍልጥ፣ ቤቱን የሚነካ የእንጨት አጥር አይኑር። አበባ ይወዱ እንደሆነ ይህ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ግን ጥሩ ግድግዳ ያለው ቤት በተጠጋው አጥር ምክንያት ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁና እለምንዎታለሁ። ጎረቤትዎንም ያነጋግሩ፤ ቤቶቻችሁ የሚቀራረቡ ከሆነ የእሱ ጥንቃቄ የእርስዎም ነው።

የመጋጠሚያውን ሥዕል ካመጣልዎ ቅጂውን ይላኩልኝ፤ ከመፈረምዎ በፊት አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ጣሪያዬ ላይ ውሃ የሚረጭ መስመር ባስገጥም ቤቴን ያድንልኛል?
*ከኮረብታው ሥር*

መልስ፦ ብቻውን አይመኑበት። ሰደድ እሳት ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ ሁሉም ውሃ ስለሚከፍት የመስመሩ ግፊት ይወድቃል፤ ኃይለኛው ነፋስም ጠብታውን ወደ ጎረቤት ይወስደዋል። የራሱ ማጠራቀሚያና በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ካለው ሊረዳ ይችላል። ያለዎት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን አስቀድመው የአየር ቀዳዳዎቹን ወንፊት ያስለውጡ። አሸንዳው ውስጥ ያለውን ቅጠል ደግሞ ነገ ጠዋት ይጥረጉት፤ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም።