ትንሽ ዓሣ ሁሉ ጫጩት አይደለም

ጥያቄ፦ ማኅበራችን የሚንከባከበው አንድ ትንሽ ሐይቅ አለ። የዘንድሮውን ጫጩት (በቅርቡ የተፈለፈለ ዓሣ) መጠን ለማወቅ መረብ ጎተትን። በመጀመሪያው ቀን 214 ትንንሽ ቆሮሶዎች (ቲላፒያ) ወጡ፤ በሳምንቱ ግን 9 ብቻ። ግማሾቻችን «ዓሣው አለቀ» ስንል ሌሎቻችን «ሐይቁ በጫጩት ተሞልቷል» እንላለን። ማን ነው ትክክል?
የማኅበሩ ጸሐፊ

መልስ፦ የተከበሩ ጸሐፊ፣ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ማንም ትክክል ነው ማለት አይቻልም። መረቡ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ነበር የተጎተተው? የእርሳስ ክብደት የታሰረበት የታችኛው ገመድስ ከመሬት ተነስቶ ነበር? አንድ ስንዝር ከፍ ካለ ዓሣው በሥሩ ሾልኮ ይሄዳል። በጥልቁ በኩል ያለው ጎታች ሲቸኩል፣ ወይም ገመዱ የውኃ ሣር ሲጠቀልል ይህ ይደርሳል። ጫጩት ደግሞ ዳር ዳሩን በመንጋ ነው የሚሄደው፤ መንጋው ላይ ያረፈ መረብ ሁለት መቶ ሲያወጣ፣ አሥር እርምጃ አለፍ ብሎ የተጣለው ባዶውን ይወጣል።

ስለዚህ ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ምረጡ፤ ችካል ትከሉበት። በየወቅቱ በዚያው መረብ፣ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ሰዓት ጎትቱና የእያንዳንዱን ውጤት ለየብቻ መዝግቡ። ባዶ የወጣውም ይጻፍ! ባዶውን እየዘለለ አማካይ የሚያወጣ ቡድን ራሱን ያታልላል።

ይልቅስ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ 214ቱ ጫጩቶች ስለመሆናቸው ምን ማስረጃ አላችሁ? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም «የተትረፈረፈ ጫጩት» ብዬ በሪፖርት ጽፌ ነበር። አንድ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ ከባልዲዬ መዳፍ የማትሞላ ቆሮሶ አንስተው አፏን በአውራ ጣታቸው ከፈት አደረጉ፤ ውስጡ በቢጫ እንቁላል ተሞልቷል። «ይህቺን ነው ልጅ የምትላት?» አሉኝ። ሪፖርቱን ቀደድኩት።

የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። ውኃው ሞቃት ከሆነ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ደግማ ልትወልድ ትችላለች። ሐይቁ ሲጨናነቅና ምግብ ሲያንስ እድገቷ ይቀጭጫል፤ መራባቷን ግን አትተውም፤ 30 ግራም ሳትሞላም እናት ትሆናለች። ዓሣው ሁሉ ትንሽ የሆነበት ሐይቅ ብዙ ጊዜ የተጨናነቀ እንጂ የተራቆተ አይደለም። መፍትሔውም ከውጭ ጫጩት አምጥቶ መጨመር ሳይሆን ከትንንሾቹ ቀንሶ ማውጣት ነው። ትንንሾቹን እንዲበላ አምባዛ ጨምሩ የሚላችሁ ቢመጣ ግን የዓሣ ባለሙያ ሳታማክሩ እሺ አትበሉ፤ ገብቶ የተራባን ዓሣ መልሶ ማውጣት ዘበት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ከመቁጠር አልፋችሁ ለኩ። መቶ ያህል ዓሣ ከአፍ ጫፍ እስከ ጭራ ጫፍ በሚሊሜትር ለክታችሁ በየሴንቲሜትሩ መድቡ። ሦስትና አራት ሴንቲሜትር ላይ ራሱን የቻለ ክምችት ከታየ በቅርብ የተፈለፈሉ አሉ ማለት ነው። ሁሉም ዘጠኝና አሥር ላይ ከታጨቁ ግን ልብ በሉ፤ የቀጨጩ እናትና አባት ሊሆኑ ይችላሉ። እጃችሁን ሳታርሱ አትንኩ፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፋል። ባልዲውም ጥላ ሥር ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እናቲቱ ስትደነግጥ እንቁላሏን ትተፋለች። ዓሣውን ወደ ሐይቁ ስትመልሱ የባልዲውን ታች ተመልከቱ። እዚያ ቢጫ እንቁላል ከቀረ፣ ከቆጠራችኋቸው «ጫጩቶች» አንዷ እናት ነበረች።