የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የራስን አፍ መፍቀድ፣ የሌላውን አፍ መታገሥ

ጥያቄ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን «ሰው ያመነበትን በነጻነት ይናገር የምትሉ እጃችሁን አውጡ» ብላቸው ሁሉም አወጡ። «የእናንተን ሃይማኖት የሚነቅፍ ሰውስ?» ስላቸው ግን ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አወረዱ። ነጻነትን አልተረዱትም ማለት ነው? ለመሆኑ ሃይማኖትን መንቀፍ በሕግ ያስከስሳል?
መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ከሌላው ዓለም ሕዝብ የተለየ ነገር አላደረጉም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 በ38 አገሮች ባካሄደው ጥናት፣ የመንግሥትን ፖሊሲ በአደባባይ መንቀፍ ይፈቀድ ያሉት በአገሮቹ መካከለኛ ውጤት 80 በመቶ ሲሆኑ፣ ሃይማኖታቸውን የሚያስቀይም ንግግር ይፈቀድ ያሉት 35 በመቶ ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ የራስን አፍ፣ ሁለተኛው የሌላውን አፍ የሚመለከት ስለሆነ፣ የነጻነት እውነተኛ መለኪያው ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ።

ይሁን እንጂ የወሎን ልጅ በዚህ ብቻ መመዘን አይገባም። ከአንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም በሚወጣበት፣ በአንድ ቅሬ (የቀብር ዕድር) በሚቀባበሩበት አገር የሌላውን እምነት ማንቋሸሽ ነውር ነው መባሉ አብሮ ከመኖር የመጣ ጨዋነት ነው። ይህን ነውር ሽማግሌውና አባጋሩ (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ቢጠብቁት መልካም ነው፤ ፖሊስ ይጠብቀው ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። መንግሥት የትኛው እምነት ትክክል እንደሆነ ሲበይን ምን እንደሚከተል ለማየት ከደሴ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ በጠሩት ጉባኤ የክርስቲያኖቹ የሃይማኖት ክርክር በንጉሥ ፍርድ ተዘጋ፤ ቀጥሎም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ ዓሊም ክርስትና የተነሡት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማንም የመረጠውን እምነት እንዳይከተል ማስገደድን ይከለክላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ቅድመ ምርመራን ከማገዱም በላይ፣ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በሐሳቡ ይዘት ወይም ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ሳቢያ ሊገደብ እንደማይገባ ይደነግጋል፤ ገደብ የሚፈቅደውም የወጣቶችን ደህንነት፣ የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ፣ እንዲሁም የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ ንግግሮችን ለመከላከል ነው። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው በሰዎች ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ማነሣሣትን ሲሆን፣ የሃይማኖት ትምህርት አካል የሆነን ንግግር በልዩ ሁኔታ ያስቀራል። ስለዚህ «ይህ አስተምህሮ ስሕተት ነው» ያለ ሰባኪና «ከእነዚህ ሰዎች ሱቅ አትግዙ» ያለ ሰባኪ በዚህ አዋጅ ፊት እኩል አይታዩም።

ሆኖም አንድ የማይመች ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 816 በአደባባይ ሃይማኖት ላይ ያፌዘን ወይም የሌሎችን እምነት በከባድ ሁኔታ የሚያስቀይም ነገር የተናገረን ሰው በመቀጮ ወይም ከአንድ ወር በማይበልጥ የማረፊያ ቤት ቅጣት ይቀጣል። ቅጣቱ ቀላል ይምሰል እንጂ፣ «ያስቀይማል» የሚለው መለኪያ በሰሚው ስሜት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከአንቀጽ 29 ጋር አይጣጣምም እላለሁ። ያም ሆኖ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነውና ተማሪዎችዎ ሊያውቁት ይገባል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጥያቄውን ገልብጠው፣ «የእናንተ ሰባኪ የሌላውን እምነት ሲነቅፍስ?» ብለው ይጠይቋቸው። ግን ስም በሌለበት ወረቀት ይሁን፤ እጅ ማውጣት ጓደኛ የሚያየው ምስክርነት ነው።

ጥያቄ፦ ጥናት እናደርጋለን ያሉ ወጣቶች ቤቴ መጥተው ስለ መንግሥትና ስለ ጋዜጠኞች ነጻነት ጠየቁኝ። መመለስ ግዴታዬ ነበር?
የቤት እመቤት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እንዲህ ያለ የአስተያየት ጥናት በፈቃደኝነት የሚደረግ ስለሆነ ግዴታ የለብዎትም፤ መታወቂያቸውንና ከየት እንደመጡ መጠየቅ፣ ያልፈለጉትን ጥያቄ ማለፍም ይችላሉ። መልስ ሰጪ ሊፈራ እንደሚችል ጥናት አድራጊዎቹም ያውቃሉ። አፍሮባሮሜትር የተባለው የአፍሪካ ሕዝብ አስተያየት ጥናት ቃለ መጠይቁ ሲያበቃ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ የሚጠይቀው፣ መንግሥት ልኳቸዋል ብሎ የሚያስብ ሰው መልሱን ሊያለዝብ ስለሚችል ነው።