መኪናዬን ልቀይር ወይስ ላሳድስ? የባሕር ዳር አሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰው መኪናውን ቶሎ ቶሎ የሚቀይረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቤተሰብ ሲበዛ፣ ነዳጅ ሲወደድ ይቀየራል። ብሩ ባንክ ከሚተኛ መኪና ላይ ይቀመጥ የሚልም አለ። እሱም መሠረት የለውም አይባልም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌ ቪትዝም ፈላጊ አላጣም። ነገር ግን ያንተ ሲወደድ የምትገዛውም አብሮ ተወዷል፤ በመሃል የምታጣው የደላላ፣ የስም ማዛወሪያና የመጀመሪያው ወር የጥገና ወጪ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ትንሽ ብልሽት ያለበትን መኪና ሸጦ የማያውቀውን ብልሽት የሚገዛው ሰው ብዛት ነው።

ጥያቄ፦ ኮሮላዬ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ስወጣ ውሃ ያፈላል። መካኒኩ «ሞተሩ ደክሟል፣ ሽጠው» አለኝ።

መልስ፦ ቆይ፣ አትሽጠው። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እይ። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ ክፍት ውሃ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ባለ ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ደህና ክዳን መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ይገፋዋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፈተውና የውስጡን ጎማ በጣትህ ዳስስ። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ቀይረው፤ በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘው ክፍል) አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ብዙ ጋራዥ «ሙቀት ይቀንሳል» እያለ ያወጣዋል። ያለ እሱ ሞተሩ ሜዳ ላይ በደንብ ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ይበላሻል፤ ባለቤቱ ታዲያ «ነዳጅ ጠጪ ሆነ» ብሎ ይሸጠዋል። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትጨምር፤ ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅል።

በመጨረሻ ክዳኑን እንደከፈትክ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሳው። መጀመሪያ ትንሽ አየር ቢወጣ ምንም አይደለም፤ አረፋው ሳያቋርጥ ከወጣ ግን የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቷል። እሱም ቢሆን ይጠገናል፤ ቴስታታው መጣመሙ ሳይለካ ግን እንዳይገጠም።

ጥያቄ፦ ሞተር በእርግጥ መድከሙ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት በመለካት። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ነዳጁና እሳቱ ይቋረጥ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ ታች ይረገጥ፣ ከዚያ ሞተሪኖው አምስት ስድስት ዙር ያዙር። የከፍታውን ነገር እዚህም እንዳትረሱ፤ ከባሕር ጠለል እኩል በሆነ ቦታ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ የሚያሳየው 145 ገደማ ነው። ይህን ሳያገናዝቡ «አልቋል» የተባሉ ደህና ሞተሮች አሉ። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ ካለፈ በዝቅተኛው ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ነው የምኖረው። ሐይቁ መኪናዬን ያዝገዋል?

መልስ፦ ጣና ጨው የለውም፤ የሚያዝገው ክረምት ከጎማው በላይ ተለጥፎ የሚቀረው ጭቃ ነው። ከሥር በኩል እጠቡት። ሐይቁ ውስጥ አስገብታችሁ ግን አደራ አትጠቡ፤ ዘይቱና ግራሶው እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ቪትዜን ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛስ? ሥራዬ ከተማ ውስጥ ነው፣ አልፎ አልፎ ጎንደር እሄዳለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለከተማው ሥራ አይቆጭሽም፤ ባሕር ዳር ሜዳ ናት። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ብትነጂ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃሻል፤ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ ግን በዚሁ ሶኬት 18 ሰዓት ያልፋል። በተራ ማከፋፈያ ገመድ አትሰኪ፣ ይቀልጣል። ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ከፈለግሽ የራሱ ብሬከር፣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና በትክክል የተቀበረ ኧርዝ ይኑረው።

ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቻይናው መግለጫ 300 ካለሽ 200 አድርገሽ ቁጠሪው፤ መሄጃ እንጂ መመለሻ የለሽም። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የባትሪው ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ ሳይነበብ ቀብድ አትክፈይ። ከ80 በመቶ በታች ካሳየ ያንቺው ቪትዝ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ነዳጅ ይቆጥባል ቢሉኝ እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ሙሉ ሞልተህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳ፣ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ ተመልሰህ ሙላ፤ ኪሎ ሜትሩን በገባው ሊትር አካፍል። በሊትር 10 የሚሄድና 15 የሚሄድ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ልዩነታቸው 400 ሊትር ነው። ያንን በዛሬው የነዳጅ ዋጋ አባዛና ከምትጨምረው ብር ጎን አስቀምጠው። ልዩነቱን ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ወረቀቱ ላይ ታየዋለህ።